ስንዱ ፈረደ ወይስ ስንዱ ቸኮል

እሑድ

«አባዬ፣ ብዙ ሰው ጠቅሶኛል» አለችኝ ልጄ ስንዱ በስልክ። ደስ ብሏታል። የኔ ደም ፈላ። የሁለት ልጆች እናት፣ ያውም ዶክተር፣ ማን ነው በዓይኑ የሚጠቅሳት? «ባልሽስ ሰምቷል?» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች።

ለካስ የዓይኑ አይደለም። ስንዱ የሕፃናትን ሳንባ እየመረመረች ያገኘችውን ትጽፋለች። ሌላ አገር ያለ ሐኪም በተራው ሲጽፍ «ይህን ያገኘችው እሷ ናት» ብሎ ስሟን ያነሳል። መጠቀስ ማለት ይኼ ነው። ተመስገን።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ብርሃኔ ነው፤ ጎንደር አስተማሪ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እንዳልኩህ ጻፈው፣ አታሳምረው ብዬዋለሁ።

ሰኞ

ስንዱ እኔ ወዳለሁበት ሰፈር ጊሎ ድረስ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ትልቅ የምርምር ቦታ ሊሰጧት እያጣሩ ነው፤ ምን ጻፈች፣ ማን ጠቀሳት እያሉ። ኮምፒዩተሩ ግን ለሁለት ከፍሏታል። ግማሹ ጽሑፍ የስንዱ ፈረደ፣ ግማሹ የስንዱ ቸኮል። ሁለት ሴቶች መስለዋል፤ ሁለቱም ትንንሽ።

ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ አገር ስንገባ ስም የምትመዘግበው ጸሐፊ በዕብራይስጥ «ሼም ሚሽፓሃ» አለችኝ፤ የቤተሰብ ስም ማለቷ ነው። እኛ እሱን የት እናውቃለን? የአባቴን ስም፣ ቸኮልን፣ ሰጠኋት። ልጅቱ ግን በወጋችን በኔ ስም ስትጠራ ኖረች፤ የመጀመሪያ ጽሑፎቿንም ስንዱ ፈረደ ብላ አወጣች። በኋላ መታወቂያሽ ሌላ ነው ሲሏት ቸኮል አለች።

«አባዬ፣ እርስዎ ጠበቃ ዘንድ ሄደው አንድ ሰው ናት ብለው ይመስክሩልኝ። ጽሑፌን በየትኛው ስም ልሰብስበው?»

እኔ በሕይወት እያለሁ ይኼ ይጠየቃል? በፈረደ ነዋ። ታልፒዮት ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስሸከም ወገቤ የተቆረጠው ለማን ሆነና።

ማክሰኞ

ብርሃኔ «ስምህ ዓለምን ሊዞር ነው፤ ካሁን ወዲያ በቀጠሮ ነው የምናገኝህ» ይለኛል። ቀንቶ ነው። ይህንንም ጻፍ አልኩት። ጻፈው።

ስንዱን በስልክ ጠየቅኋት፤ ሐኪሞቹ እንዴት ነው የሚጠቅሱሽ? የኋለኛውን ስም ብቻ ነው አለች። ልጅ ሲታመም ጽሑፉን ከፍተው «ፈረደ ምን አለች?» ይባባላሉ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ረቡዕ

«ልጅ ሲታመም» ያለችው አልለቀቀኝም።

አባቴ ቸኮል ቀጥቃጭ ነበር። የአገሩን ማረሻ የሚሠራው እሱ። ልጅ ሲታመምባቸው ግን የሚነሳው ስም የሱ ነበር። «ቸኮል በልቶት ነው» ይላሉ። ቡዳ ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ሳል ጠናበትና አባቴ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። እኔ ነበርኩ ውሃ የማቀብለው።

ይህን ለስንዱ ነግሬያት አላውቅም። ብርሃኔ ብዕሩን አቆመ። ቀጥል አልኩት።

ሐሙስ

የጠበቃው ቢሮ ኢትዮጵያ መንገድ ከሚሉት ጎዳና አጠገብ ነው። ደረጃው ብዙ ነው። ስንዱ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ጠበቃው ጠየቀ፣ እሷ አስተረጎመች። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ናቸው ወይ?

«የአንዲት ናቸው። ሁለት ብትሆንማ ማን ይችላት ነበር» አልኩ። ጠበቃው ሳቀ። ፈርም ሲለኝ አውራ ጣቴን ሰጠሁት።

በየትኛው ስም ይሁን አለ። ስንዱ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «ቸኮል።»

ዞራ አየችኝ። «አባዬ፣ በእርስዎ ስም ብለው አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ተውኩት።»

ምክንያቱን ስንወርድ ነገርኳት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ የምጽፈው ስለ ሳል ነው» አለች።

ዓርብ

ሰንበት ሳይገባ ደወለች። ጽሑፎቿ አንድ ላይ ሆነዋል። ቦታውን ይስጧት አይስጧት ከመጪው በዓል በኋላ ነው የሚታወቀው። ቢሰጧት ደስ ይለኛል፤ ይገባታል። ባይሰጧትም እግዚአብሔር ያደረገልኝን አልረሳም።

አንዱ የፈረንጅ ሐኪም የጻፈውን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። በመካከሉ ቸኮል የምትለዋን ብቻ ለየሁ።

«በክፉ ነው በደግ?»

«በደግ ነው፣ አባዬ።»

ድገሚው አልኳት።