የሰይድ ድልድይ ቀይ የሆነበት ቦታ

ሰኞ፣ ጥር 18

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ይህ ነው፤ ባለቤቴ ሰይድ ከነድልድዩ ወንዝ ገብቶ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ስንጥቁን አይቼው ነበር። ከምሰሶው ኋላ መሬቱ ተከፍቶ እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ተኳርፈን ሦስተኛ ቀናችን ነበር። «ራሱ ይየው፣ አናጺው እሱ ነው» ብዬ ቤቴ ገባሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።

ዛሬ የጻፍኩት በሠናይት ኮምፒውተር የተነሣ ነው። ሠናይት ተከራዬ ናት፤ ምሕንድስና ታስተምራለች። የሰይድ ድልድይ በነበረበት በዚያው ቦታ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ነው፤ ስሌቱ የእሷ ነው። ሻይ ይዤላት ስገባ ድልድዩ ስክሪኑ ላይ በትንንሽ ባለሦስት ማዕዘን ተቆራርጦ አየሁት።

«ማን ከታተፈው?» አልኳት። ሳቀች።

«ሙሉውን ባንዴ ማስላት አይቻልም፣ እትየ ሐዋ። እቆራርጠዋለሁ። እያንዳንዷ ቁራጭ የደረሳትን ጭነት ለጎረቤቷ ታካፍላለች። ኮምፒውተሩ የሁሉንም አንድ ላይ ይፈታል።»

ይህማ ቅሬያችን ነው! አንድ ቤት ሐዘን ሲገባ ሰፈሩ ተካፍሎ ይሸከመው የለ? ወዲያው ገባኝ። ሁለት ቃልም ያዝኩ። ስትረስ፦ ዕቃው በውስጡ የተሸከመው ጫና። ስትሬን፦ በዚያ ጫና ምን ያህል እንደተለጠጠ ወይም እንደታመቀ። ስክሪኑ ላይ ጫናው በቀለም ይታያል፤ ሰማያዊ ደህና፣ ቀይ አደጋ። ፊደል የለየሁት በልጄ በከድጃ ደብተር ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ልቤ የዘለለበትን ቀን አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

«የሰይድንም ድልድይ ማስገባት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ልኩን ካወቁት።»

እንዴት አላውቀው! ሲለካ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንድ፣ አሥራ አራት ክንድ። አራት የወይራ ምሰሶ። ሳንቃው ሦስት ጣት። ሠናይት ክንዴንም ጣቴንም በማስመሪያ ለካች። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ሁሉም ሰማያዊ ሆኖ ወጣ! አህያ ከነጭነቷ ብታቆምበትም ሰማያዊ።

«እንጨቱ ምንም አልጎደለውም። ባለሙያ ነበሩ» አለች።

ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። እዚህ አገር ያልጠና ነገር ሁሉ ስሙ «የሰይድ ድልድይ» ነው፤ ወንበር ቢወላገድ፣ አጥር ቢያዘም። ከድጃ ይህን እየሰማች አደገች። ደሴ ከገባች ወዲህ የአባቷን ሙያ ለሰው አትናገርም።

ስመለስ ሠናይት፣ «ታዲያ ለምን ወደቀ?» አለችኝ።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» ብዬ ብርጭቆዋን ይዤ ወጣሁ። ስንጥቁን አሁንም ደበቅኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከአዲሱ ድልድይ ሥዕል ግርጌ ሁለት ምልክት አየሁ። «እነዚህስ?»

«መቆሚያዎቹ ናቸው። ዜሮ ብያቸዋለሁ፤ አይነቃነቁም ማለት ነው።»

«ማን አለሽ?»

«በታኅሣሥ አስቆፍረን አይተነዋል። እንደ ድንጋይ ነው።»

«ልጄ፣ ዋልካ፣ ይህ ጥቁሩ አፈር፣ በታኅሣሥ ድንጋይ ነው። በነሐሴ ሂጂበት፣ ጫማሽን ያስቀርልሻል። ያ ዳር በክረምት እየተንሸራተተ ወደ ወንዙ ይሄዳል።»

እጇ ቆመ። «ምን ያህል?»

አራት ጣቴን አሳየኋት። በዚያ ልክ መቆሚያውን አንቀሳቅሳ መጀመሪያ የሰይድን ድልድይ አሰላች። ግንዱና ምሰሶው ከሚጋጠሙበት ቀዩ ተነሣ። ስንጥቁ በነበረበት በኩል! ኮምፒውተሩ አብሮኝ ቆሞ ያየ መሰለኝ። አዲሱም በዚያው ቦታ ቀላ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ነው። ሪፖርቱ ደግሞ ቅዳሜ ደሴ መድረስ አለበት።

«እንዴት አወቁት?»

«ሰይድ ይል ነበር» አልኩ። ዋሸሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ሠናይት መሬቱን እንደገና ላስቆፍረው ብላ ነበር፤ ዛሬ ግን አስተርእዮ ማርያም ነው፤ ቆፋሪ የለም። ሠናይትም ቤተ ክርስቲያን ናት።

ውሸቴ ዛሬ ነው የገባኝ። ሰይድ አውቆ ነበር ካልኩ፣ መሬቱ እንደሚሄድ እያወቀ ተከለው ማለቴ ነው። ማክሰኞ የጸዳውን ስሙን ረቡዕ መልሼ አቆሸሽኩት። ያ ረቢ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ተቆፈረ! እኔም ሄድኩ። ቆፋሪው አባ ሙሄ ሲያየኝ፣ «ሐዋ፣ አንቺም ዶማ ልትይዢ ነው? ብቻ የሰይድ ድልድይ እንዳይሆን!» ብሎ ሰውን አሳቀ።

«የሰይድ እንጨት አልተሰበረም» አልኩት። ድምፄ እንዲህ ከፍ ይላል ብዬ አላስብም ነበር። «መሬቱ ነው የከዳው። ስንጥቁን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። አልነገርኩትም።»

አባ ሙሄ ዶማውን መሬት ላይ አኖረና፣ «አላህ ይማረው። ላንቺም ያቅልልሽ» አለኝ። ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ከላይ ደረቅ፣ ከአንድ ሰው ቁመት በታች እርጥብ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ዋልካ። ከዳሩ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲቆፈር ዶማው ጮኸ፤ አለት! ሠናይት በጭቃ እጇ አቀፈችኝ። ድልድዩ ይረዝማል፣ እግሩ አለት ላይ ይቆማል። ቤት ገብተን እንደገና አሰላችው። ሰማያዊ። አልሐምዱሊላህ።

«ልጅዎ ይህን ታውቃለች?» አለችኝ።

አታውቅም። ምን እንደምትለኝም አላውቅም። ሠናይት ነገ ጠዋት ሪፖርቱን ይዛ በአውቶቡስ ደሴ ትወርዳለች። ሁለቱንም የሰይድ ድልድይ ሥዕሎች፣ ሰማያዊውንም ቀዩንም፣ አትማልኛለች። ከእነዚህ ገጾች ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ሪፖርቱ ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ይህ ለከድጃ ሰይድ፣ ለአናጺው ልጅ።