ስለ ደረቁ ቦኖና ስለ አረፋው ፎቶ፣ ለምክር ቤት አባላችን

ለተከበሩ የላይ ሾላ ሰፈር ተመራጭ
ለአቶ እንዳልካቸው
ደብረ ታቦር

የተከበሩ ሆይ፣ ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከስልክዎና ከቴሌግራም ቻናልዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከውኃ በስተቀር ደህና ነኝ። ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ ከኩዌት ተመልሼ ቦኖው አጠገብ የሴቶች ጸጉር ቤት የከፈትኩት ነኝ። ለጸጉር አጠባ ውኃ አጠገብ ይሻላል ብዬ ቦታውን የመረጥኩት ራሴ ስለሆንኩ፣ በዚህስ ማንንም አልወቅስም።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ተመራጭ በሰፈሩ የተሠራውን እንኳ አይነግሩንም ነበር። እርስዎ ግን በተመረጡ ማግስት «የላይ ሾላ ወቅታዊ መረጃ» የሚል ቻናል ከፍተው፣ ያልተሠራውን ሳይቀር እየነገሩን ነው። ከዚህ በላይ ግልጽነት ከየት ይመጣል? ሆኖም ትንንሽ ቅሬታዎች ስላሉኝ፣ ጊዜዎን እንደማልሻማ ተስፋ በማድረግ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት መምህርት ስርጉት ለእህቷ ሠርግ ሚዜ ስለሆነች ጸጉሯን ልትሠራ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ሻምፖውን አሽቼ፣ አረፋውን ከፍ አድርጌ፣ ለማለቅለቅ ወደ በርሜሉ ብዞር በርሜሉ ባዶ ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት ስልኳ ጮኸ። የእርስዎ መልእክት ነበር፤ «የላይ ሾላ ቦኖ ዛሬ ጠዋት አገልግሎት መስጠት ጀመረ» ይላል።

«ጥሩዬ፣ ተነሽ! ውኃ መጥቷል!» ብላ አረፋዋን እንደተሸከመች ሮጠች። እኔም ጆግ ይዤ ተከተልኳት። ቦኖው ዘንድ ስንደርስ እርስዎ ስልክዎን ደግነው ቆመዋል። ስርጉት ቧንቧውን ብትከፍተው እንደ ጉንፋናም አስነጠሰና አንዲት ሸረሪት ተፋ። «ኧረ ውኃው የታለ?» ብላ ስትጮህ፣ እርስዎ በዚያ በሚታወቁበት ትዕግሥት «ፈገግ በይ እንጂ እህቴ፣ ውኃውማ በመንገድ ላይ ነው» አሏት። ለዚህ አጽናኝ ቃልዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

2ኛ፦ ፎቶውን ገና ቤት ሳንገባ ለጥፈውታል። ከሥሩም «ነዋሪዎች በንጹሑ ውኃ ሲታጠቡ የተሰማቸውን ደስታ ገለጹ» ብለው ጽፈዋል። የስርጉት አፍ የተከፈተው በጩኸት መሆኑን ፎቶ ሊናገር ስለማይችል ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የስልኩ ነው። የጉና ተራራ ንፋስ አረፋውን ጸጉሯ ላይ ስላደረቀው ሙሽራዋ አጠገብ እንደ ጃርት ቆማ ዋለች። በማግስቱ ሐሙሲት ከተማ ላይ አንድ የሚኒባስ ረዳት «የአረፋዋ! ነይ፣ ቦታ አለ!» ብሎ ጠራት። ከዚያ ወዲህ እኔን ትታ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ እየሄደች ትታጠብ ጀመር። ከስደት ስመለስ ማንም ሳያውቀኝ መጀመሪያ ደጄን የረገጠችው እሷ ነበረችና፣ ሳትመጣ ስትቀር፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ልቤ ተሰብሮ ነበር።

3ኛ፦ ያ ፎቶ ዝናችንን አርቆ ስለወሰደው ከጎረቤት ወረዳ እንግዶች ለልምድ ልውውጥ መጡልን። ያን ቀን እርስዎ ያሳዩት ብልሃት መቼም አይረሳም። የውኃ ቦቴ ከቦኖው ግንብ ጀርባ አስቁመው፣ ቱቦውን ከቦኖው ቧንቧ ጋር አስገጠሙት። በዕድሜ የሰፈራችን ታላቅ ናቸው ብለውም እማማ ፈንታነሽ መርቀው እንዲከፍቱት ጋበዟቸው። እማማ «ለዘለዓለም ያፍስሰው» ብለው ቢያዞሩት መክፈቻው እጃቸው ላይ ቀረ። ውኃውም እርስዎን ከነክራቫትዎ አጠበዎ። በቦኖው ለመጠቀም የመጀመሪያው ነዋሪ ስለሆኑ እንኳን ደስ አለዎ።

የእንግዶቹ መሪ በጣም ተገርመው «እማማ፣ ይህን የመሰለ ግፊት ከየትኛው ምንጭ አገኛችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ከቦቴው ነዋ፣ ልጄ። ያውልህ፣ ግንቡ ጀርባ ቆሟል። በጾም ቀን አልዋሽ።»

ሁሉም አንገቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ከዚያ እንግዳው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «እኛስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው የምናቆመው» አሉ። ልምድ ማለት እንዲህ ሲለዋወጡት ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሾፌሩም ሊሄድ ሞተሩን አስነሣ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ቢከበው «ትእዛዝ የለኝም» አለ። እማማ ፈንታነሽም ጋቢያቸውን ሰብስበው ከጎማው ፊት ቁጭ አሉና «እንግዲያው በእኔ ላይ ንዳ፣ ትእዛዝ ካለህ» አሉት። ሾፌሩም ወርዶ፣ እያጉረመረመ፣ ቀዳልን። እኔም በርሜሌን ሞልቼ በቀጥታ ወደ ስርጉት ቤት ሄድኩና እጇን ይዤ አመጣኋት። ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ አለቅልቄ፣ ሹሩባ ስሠራት እርስዎ ከነክራቫትዎ ሲንጠባጠቡ የነበረውን ብተርክላት ከወንበሩ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። ታርቀናል።

እርስዎ ደግሞ ያንኑ ማታ «ምክር ቤቱ ለነዋሪዎች በቦቴ ውኃ አከፋፈለ» ብለው አበሰሩ። ጎማው ፊት የተቀመጡትን አሮጊት ስም መጥቀስ የረሱት ክራቫትዎን ሲያሰጡ ይመስለኛል።

ልመናዬ አንድ ነው፤ የስርጉትን ፎቶ ያውርዱልን። ይህ የማይቻል ከሆነ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ «ነዋሪዋ ስትጮህ» ብለው ያርሙልን።

ቃልዎ እንደ ቦቴው ውኃ፣ ቦኖው እንደ ቃልዎ ይፍሰስ እያልኩ፣ በደረቅ እጄ ነገር ግን በእርጥብ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

ጥሩወርቅ
ከቦኖው አጠገብ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ዝናብ መጣል ጀምሯል። መብራቱ በራ ብለው በጻፉ ማታ ጠፋ፤ ድልድዩ ተጠገነ ባሉ ሳምንት ተናደ። ስለዚህ በእግዚአብሔር ስም እንለምንዎታለን፣ ዝናቡን በቻናልዎ አይዘግቡብን።