ሐቦባ ሐዋ የወደደችው ውሃ

ማክሰኞ

ሐቦባ ሐዋ ዛሬም ውሃዬን አልጠጣም አለች። ጣሳውን አፍንጫዋ ድረስ አምጥታ አሸተተችና መልሳ ሰጠችኝ። «ቲቸር፣ ውሃህ ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል። አልጠጣም።»

ሐቦባ አከራዬ ናት። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነች፣ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱም ሴቱም ለእሷ «አንተ» ነው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት ከኋላዋ ማን እንደቆመ ለማየት ዞር ስላለች ትቼዋለሁ። ሐቦባ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት።

እዚህ መገኘት አልነበረብኝም። ትምህርት ሲዘጋ መምህራኑ በመጨረሻው መኪና ሄዱ። እኔ ሮስተሬን ሳልጨርስ አልሄድም ብዬ ቀረሁ። ጎበዝ። በማግስቱ ጎርፉ ድልድዩን ይዞት ሄደ። ይኸው ሮስተሩ አልቋል፣ የሚቀበለኝ ሰው የለም። ከወንዙ ወዲያ መንጌ፣ ከመንጌ ወዲያ አሶሳ፣ ከአሶሳ ወዲያ የእናቴ ቤት። እኔ ከወንዙ ወዲህ።

የእጅ ፓምፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የምንጠጣው ወንዙን ነው። በዚህ ክረምት ደግሞ የከብቱም የሰውም ነገር ከሜዳው እየታጠበ ወደዚያው ይወርዳል። እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ ስለሚጨስ ማፍላት የምንችለው ለምግብና ለሻይ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ይረጋል፣ በአራት በታጠፈ ነጠላ አጠለዋለሁ፣ ከዚያ በሲሪንጅ በረኪና እጨምራለሁ፤ ለሃያ ሊትር ሁለት ሚሊ፣ ከደፈረሰ አራት። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ አሸታለሁ። በስሱ የበረኪና ሽታ ከመጣ ውሃው ደህና ነው። ካልመጣ እደግማለሁ። አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ሦስት ዓመት አስተምሬ፣ ለዚህች ግቢ የጠቀምኩት ይህንን ነው።

ዘይነብ፣ የሐቦባ ልጅ፣ ያለ ቅሬታ ትጠጣለች። ሐቦባ ግን ከኩሽናው ቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ በጋን አጠራቅማ እሱን ብቻ ነው የምትጠጣው። ቆርቆሮው አንሶላ ስለሚያክል ውሃው ከአንድ ሰው አያልፍም።

ረቡዕ

ጉንፋን። ትናንት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ዝናብ ደበደበኝ። እናቴ «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ሳልመልስላት ተቋረጠ። ብመልስላትስ ምን እላት ነበር?

የቀረኝ፦ ስኳር (ትንሽ)፣ ዝንጅብል፣ ሻይ ቅጠል፣ አንድ ሳሙና፣ ሦስቴ ያነበብኩት መጽሐፍ፣ ሙሉ ቀን የሚያስነጥስ አፍንጫ።

በረኪናው ዛሬ አለቀ። ጋሽ ይመር ሱቅ ሄድኩ። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት ጠርሙሶች የመጨረሻውን አውርደው አቧራውን በክንዳቸው ጠርገው ሰጡኝ። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ወንዝ ሞልቶ የሚቀር ይመስልሻል?» አሉ። አዎ፣ ይመስለኛል አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ከአልጋዬ እስከ ቀርከሃው አጥር ሃያ ሁለት እርምጃ። ከአጥሩ እስከ ኩሽናው አሥራ አራት። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ እንዳይጠረጠር።

ሐሙስ

ዝናብ የለም። ፀሐይ ወጣች። ወንዙ ግን አሁንም ያጓራል።

አፍንጫዬ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። የፍየሉ በረት ሥር ቆሜ እንኳ ምንም አይሸተኝም። ከአዲሱ ጠርሙስ ሁለት ሚሊ ጨምሬ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ የጀሪካኑን አፍ አሸተትኩ፤ ባዶ። ዘይነብ ማሽላ ልታርም ወርዳ ነበር። ሐቦባን መጥራት እችል ነበር፣ እዚያው በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። አልጠራኋትም። እውነቱን ልጻፍ፦ «ይሸታል» ስትለኝ ስንት ወር ሙሉ ሰምቻታለሁ፣ ዛሬ ደግሞ በገዛ እጄ ጠርቼ ልሰማው አልፈለግኩም። መጠኑ ያው ነው፣ ሲሪንጁ ያው ነው፣ በረኪናም በረኪና ነው ብዬ ክዳኑን ዘጋሁት።

ጉሮሮዬ ስለሚያመኝ ዝንጅብል ሻይ ብቻ ነው የምጠጣው።

ዓርብ

ጠጣች!

ዝናብ ስለጠፋ የሐቦባ ጋን ደርቋል። ጠዋት ጣሳዋን ይዛ ራሷ መጣች። ቀዳሁላት። አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። «ወላሂ፣ ዛሬ ውሃ ጥሩ ነው» አለች። ከሰዓት ደግማ መጣች። ማታ እሱኑ እንድትጠጣ ዘይነብ አንድ ጣሳ ይዛላት ገባች።

እንደዚህ በቀላል ነገር የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ስንት ወር ነው የተጨቃጨቅነው። ጉንፋኔን ረስቼ ልብሴን ሁሉ አጠብኩ። ዘይነብ «እናቴን ያሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ተኩራርቻለሁ፣ አልደብቅም።

ቅዳሜ

ሐቦባ ጎረቤቷን ጠርታ በጣሳዬ ታስቀምሳታለች። «ቲቸር ውሃ ተማረ። በፊት ይሸታል፣ አሁን አይሸትም።» ሴትዮዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሸማ እየጨመቅኩ ነበር።

አይሸትም።

እጄ እዚያው ሸማው ላይ ቀረ። ከሁሉም በፊት የበረኪና ሽታ ይደርሳት የነበረች ሴት፣ ሁለት ቀን ሙሉ አይሸትም ስትል እኔ ደስ ብሎኝ ልብስ አጥባለሁ። አፍንጫዬ በተዘጋበት ጊዜ በግቢው የቀረኝ አፍንጫ የእሷ ነበር፤ እሷ ደግሞ እየነገረችኝ ነበር።

ከአሮጌ ሰማያዊ ዩኒፎርም ቁራጭ ቀድጄ ከጠርሙሱ ጠብ አደረግኩበት። በረኪና ቢሆን ቀለሙን ይበላው ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። በክዳን ሞልቼ አፈሰስኩበት። ሰማያዊው እንደ ሰማያዊነቱ ቀረ። ጠርሙሱ ከበጋ ጀምሮ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ኃይሉ አልቋል። ሦስት ቀን ሙሉ የጨው ውሃ ነው ስለካ የሰነበትኩት።

ጀሪካኖቹን ሁሉ ደፋሁ። ዘይነብ ምነው ብትለኝ «ውሃው ደፍርሷል፣ ዛሬ አፍልተን እንጠጣ» አልኳት። ሌላ አላልኩም። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፣ ሐቦባ በረንዳው ላይ ሆና ስትስቅ አየኋትና ዘጋሁት። ምናልባት ምንም አይሆኑም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፈሪ ነኝ።

እሑድ

ሐቦባ ታማለች።

ጎህ ሲቀድ ነው የጀመራት። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ እንደገና ተቅማጥ። እስከ ረፋድ ስድስት ጊዜ ቆጥረናል፣ ከዚያ መቁጠር ትተናል። እግሯን ቁርጥማት ይዟት ዘይነብ እያሸች ታለቅሳለች። ዘይነብንም ሆዷን ትንሽ ይቆርጣታል፣ ግን ቆማ ትሄዳለች።

ጋሽ ይመር ሰምተው ግማሽ ጆንያ ከሰል በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ውሃ አፈላን። አንድ ሊትር ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው። በማንኪያ በማንኪያ እናጠጣታለን። ታስመልሳለች፣ ትንሽ እናርፋለን፣ እንደገና እንጀምራለን።

ለጋሽ ይመር ስለ ጠርሙሱ ነገርኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ለልብስ ነው የሸጥሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ለሰው ሆድ መቼ አልሁ?» ልክ ናቸው። መስኮታቸው ላይ ፀሐይ እንዳለ አይቻለሁ፣ ፀሐይ በረኪናን እንደሚገድለው ደግሞ በግቢው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለዘይነብም ነገርኳት። ከሰሉን እያራገበች ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ ቀና ብላ «አንቺስ ከዚያ ውሃ ጠጥተሻል?» አለች።

አልጠጣሁም። ጉንፋን ስለነበረብኝ ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት። ይህንኑ ነገርኳት። ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ወደ እናቷ ገባች።

ሰኞ

ወንዙ ጎደለ። እስከ ዛሬ ስለምነው የኖርኩት ነገር፣ ዛሬ ሆነ።

አንድ ሞተረኛ ከመንጌ ተሻገረ። አራት ሰው ሞተሩን ተሸክሞ፣ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ። ሊመለስ ሲል ግቢያችን ድረስ መጣ፣ አንድ መምህርት እዚህ ቀርታለች ሲባል ሰምቶ ነው። «ቲቸር፣ አሁን ከወጣሽ ወጣሽ። ሰማዩን እዪው። ማታ ከዘነበ እኔም አልመለስም» አለኝ።

ሐቦባ መቀመጥ አትችልም፣ ሞተር ላይ የምትሆን አይደለችም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ ሳደርገው እንደተቆነጠጠ ይቆያል። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሽንቷን አልሸናችም። ዘይነብ እንቅልፍ ካየች ሁለት ቀኗ ነው።

ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው። ሻንጣዬን ይዤ ወጥቼ፣ ሞተሩ ላይ አስሬው፣ አንድ እግሬን አነሳሁ። ዘይነብ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሂጂም አላለችም፣ ቅሪም አላለችም። ቂም እንኳ ፊቷ ላይ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ደክሟት ነበር፣ ሌላ ምንም።

ሻንጣውን ፈታሁት። ከደብተሬ ቅጠል ቀድጄ ለመንጌ ጤና ባለሙያ ጻፍኩ፦ አሮጊት፣ ሁለተኛ ቀኗ፣ ሽንት የለም፣ ኦ አር ኤስና የውሃ ማከሚያ እንክብል ላኩልን፣ ከቻላችሁ ራሳችሁ ኑ። ሞተረኛው ወረቀቱን ኮፍያው ውስጥ አድርጎ «እሞክራለሁ» አለ። የሞተሩ ድምፅ ወንዙ ጋ ሲደርስ ጠፋ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፣ ስለ ሐቦባ ይሁን ስለ ራሴ አልለየሁትም።

ከዚያ ተራዬ ነበርና ማንኪያውን ተቀበልኩ። ዘይነብ አጠገባችን ምንጣፉ ላይ ተኛች።

ማክሰኞ

ጠዋት ዘይነብ «ቲቸር፣ ነይ ነይ» ብላ ተጣራች። ከእሑድ ወዲህ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሮጬ ስገባ የምታሳየኝ ፖፖውን ነው። ሐቦባ ሸንታለች። ትንሽ ናት፣ ቀለሟ የጠቆረ፣ ግን ሽንት ናት። ሁለታችንም ፖፖ ከበን ቆመን እንስቃለን።

ሞተረኛው ቃሉን ጠበቀ። ኦ አር ኤስ አሥር ፓኬት፣ እንክብል አንድ ፌስታል። ጤና ባለሙያው ነገ በእግርም ቢሆን እመጣለሁ ብሏል። ሞተረኛው እንዳስረከበ ሰማዩን አይቶ ተጣደፈ፣ ስለ መሄድ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁም። ከሄደ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደ። ወንዙ እንደገና መሙላቱ ነው። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ከሰዓት ሐቦባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አንዱን ፓኬት በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጬ በጣሳ አቀረብኩላት። እጄን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ዘይነብ ነገረኝ» አለች። ድምፅዋ ገና ደረቅ ነው። «አንተ ሻይ ጠጣ። ሐዋ ውሃ ጠጣ።»

«አዎ» አልኳት። «እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ይቅር በይኝ።»

ይቅር አላለችኝም። «ይቅርታ አያስፈልግም» የምትል ዓይነት ሴት አይደለችም። ወደ ጣሳው በአገጯ አመለከተች። «አንተ መጀመሪያ።»

እሷ እያየችኝ ጠጣሁ። ጨዋማ ነው፣ ደስ አይልም። ከዚያ ጣሳውን ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ፣ እያረፈች፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። አላስመለሳትም። ባዶውን ጣሳ መለሰችልኝ።

«ሌላ» አለች።

እንደገና ሞላሁ፣ እንደገና መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ።