ለአማቴ ማን ይንገራቸው

ጥቅምት 6 ቀን 1962

የጎረቤቴን የአበቡን ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ። ወገቡ ጠበበኝ አለች። ልኳን ስወስድ ግን ትንፋሿን ይዛ ነበር… እኔ ምን ላድርጋት? ባሌ ዳኛው ከአሥመራ ገባ። የጭነት ማኪናውን በር ላይ አቁሞ እንደ ግንድ ተጋደመ። የሰፈሩ ልጆች ማኪናው ላይ ሲንጠላጠሉ ዋሉ። ወገቤን ያመኛል። ከፀነስኩ ሦስተኛ ወሬ ነው፤ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጥቅምት 12

ከሆስፒታል ተመለስኩ። አስወረደኝ። በዓመት ውስጥ ሁለተኛዬ። ደሙ አልቆም ብሎ ዳኛው በማኪናው ይዞኝ በረረ። ማኅፀኔን ጠረጉልኝ። ብዙ አለቀስኩ… አልጽፈውም።

ነርሷ፣ ሲስተር ማሬ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ደምሽ አልቋል። አሁን ብትፀንሺ አንቺንም እናጣሻለን» አለች። ሉፕ የሚሉትን አሳየችኝ። ጥምዝምዝ ያለች ፕላስቲክ፣ ጫፏ ላይ ክር። ማኅፀን ውስጥ ዓመታት ትቀመጣለች፤ ልጅ ስፈልግ ያወጡልኛል። ዳኛውን ጠየቅሁት።

«ይግባልሽ» አለ ወዲያው። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ለእናቴ ግን ማን ይነግራታል?»

አስገባሁ።

ጥቅምት 25

አበቡ «አዘዞ የሚያርፈው አውሮፕላን ብረት ይስባል፤ ተጠንቀቂ» አለችኝ። ሉፑ ፕላስቲክ ነው አልኳት። «አውሮፕላኑ ይህን በምን ያውቃል?» አለች። ዛሬ ሲያልፍ ወንበሩን ግጥም አድርጌ ያዝኩ… ሞኝ ነኝ እንዴ?

ኅዳር 10

አማቴ እማማ ለተ ማርያም ሊያጽናኑኝ ከመካነ ብርሃን መጡ። ቅቤ አስዋጡኝ፣ ወገቤን አሹኝ። ቁስቋም ወስደው ለዓመቱ መንታ እንድወልድ ተሳሉልኝ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ… ምን ልበል?

ዳኛውን «ዛሬ ንገራት» አልኩት። ጎማ ልይ ብሎ ወጣ። ከዚያ ጭነት ተገኘ ብሎ ሄደ። በዚያ ሁሉ ጭነት ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው እናቱን ይፈራል።

ኅዳር 14

ነገርኳቸው። ምስር እየለቀምን፣ ቀና ሳልል። ደሙን፣ ሲስተር ማሬ ያለችኝን፣ ሉፑን።

እሳቸው ምስሩን ለቅመው ጨረሱ። ተቀይመው ሊሄዱ ነው ብዬ…

«ዳኛው ያውቃል?»

«ያውቃል። እርስዎን ፈርቶ ነው ያልነገረዎት።»

«ምነው፣ እበላዋለሁ?»

ተነሥተው በሩን ዘጉ። «እኔም እንዳንቺ ፈስሶኝ ከሞት አፋፍ የተመለስኩ ነኝ። ዳኛውን ስወልድ ገና ልጅ ነበርኩ። አሥራ አንድ ወልጄ አምስቱን ቀበርኩ። አሁንም… የዳኛው አባት እንደሁ አላረጀም።»

የት ልይ? ምስሩን አየሁ።

«ያቺ ነገር ለኔ የሚሆን ልክ አላት?» አሉ።

ኅዳር 16

ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሲስተር ማሬ «የባል ፈቃድ ያስፈልጋል» አለቻቸው። እማማ ለተ «እነግረዋለሁ» ብለው ወደ አገራቸው ተነሡ። ፊታቸው ግን ቁርጥ ዳኛውን መሰለኝ።

ጥር 14

እማማ ለተ ከባላቸው ከአያ ጎሹ ጋር ለጥምቀት መጥተው ነበር። በዓሉ አለፈ፣ አልሄዱም። ዛሬ ጠዋት ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። ሲስተር ማሬ አያ ጎሹን ጠየቀቻቸው። መሬት መሬቱን እያዩ «አሥራ አንድ ወልዳልኛለች። ትረፍልኝ» አሉ።

ከዚያ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው ሰላም ባላቸው ቁጥር «ጥርሴን አሞኝ ነው» ይላሉ። ዳኛው ሊወስደን ሲመጣም «ጥርሴን ነው» አሉት።

«የትኛውን፣ አባዬ?»

አፋቸውን ከፈቱለት። ጎንበስ ብሎ በደንብ አየ።

«ሁሉም ደህና ይመስላል።»

«አንተ ሾፌር ነህ» አሉት።

እማማ ለተ ወጡ። አያ ጎሹ ዱላቸውን ለኔ ሰጥተው የሚስታቸውን ክንድ ያዙ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

«አመመሽ?»

«ምንም አይል።»

«ሸጋ» አሉ። እስከ ማኪናው አልለቀቋቸውም።

ቤት ስንደርስ ዳኛው ወደ ጓዳ ጠራኝና ጆሮዬ ሥር «ስለ ሉፑ… ለእናቴ ነገርሻት እንዴ?» አለኝ።

«አንተው ጠይቃት» አልኩት።

እስካሁን አልጠየቀም።