የታችኛው አልጋ

እንዴት ከርመሻል ጓደኛዬ? በእግርና በብስክሌት አገር የምናይ አሥር ሰዎች በአንድ ክፍል፣ በተደራራቢ አልጋዎች ላይ ታጭቀናል። እኛ ቤት ቢሆን የታችኛው አልጋ ለታላቅ ይለቀቃል። እዚህ ግን በየቀኑ ቀድሞ የገባ ይመርጣል። ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ትናንት መጨረሻ ስለደረሱ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ላይኛው ላይ ወጡ። የራሳችንን ብንለቅላቸው፣ «ምጽዋት ጠየቅኳችሁ?» ብለው ተቆጡ።

ዛሬ እሳቸው በእግር፣ እኛ በብስክሌት ስንመለስ፣ ማደሪያው አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ደረስንባቸው። ይሄኔ ከመካከላችን ልብስ ሰፊዋ ድንገት ቆማ፣ «ወይኔ፣ ሰንሰለቴ ወለቀ!» ብላ ጮኸች። ምንም አልወለቀም። ነገሩ ስለገባን ሁላችንም ወርደን ብስክሌቷን ከበብን። ጋሼ እያነከሱ ጥለውን ሲሄዱ፣ «አይ የዛሬ ልጆች! የእኔ እግር እንደሆነ ሰንሰለት የለው፣ ምኑ ይወልቃል!» አሉን።

ስንገባ የታችኛው አልጋ ላይ ተንጋለው አገኘናቸው። ልብስ ሰፊዋን ጠርተው እጆቿን አገላብጠው አዩና፣ «ሰንሰለቱን ስትመልሺ ግራሶ አልነካሽም እንዴ?» አሏት። እሷም እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። እሳቸው ግን ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንግዲህ ነገም ይውለቅልሽ» አሉ።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ ከተረፈሽም ባልሽን።