አበቡ የካደችኝ ሃያ ብር

የካቲት 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩወርቅ ወገብ ዛሬ ተሽሏቸዋል፤ ልጃቸው ከዱርቤቴ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው።

እኔ ግን የትናንቱ የማርያም ማኅበር ከሆዴ አልወጣልኝም። ቄሱ ጽዋውን ከመባረካቸው በፊት "ቂም የያዘ አለ?" ብለው ሲጠይቁ "እኔ አለሁ አባ" አልሁ። የድሮ ጓደኛዬ አበቡ የቀበሌው ሴቶች ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ የዘጌ ቡና ልትነግድበት ያበደርኋትን ሃያ ብር ክዳኛለች።

"በሃያ ብር ጽዋ ታስተጓጉያለሽ?" አለችኝ አበቡ እዚያው ተቀምጣ።

"ያስተጓጎለውስ የበላው ሰው ነው" አልኋት። አባም ሳንታረቅ እንዳንቀምስ ሁለታችንንም ከለከሉን።

ዛሬ ረፋዱ ላይ የአበቡ እህት መጣች። "ነገሩን ካልተውሽ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አታገኚም ብላለች" አለችኝ።

"እኔ ቡናን በጨው ጠጥቼ ነው ያደግሁት። ስኳሯን ትያዝ፣ ብሬን ታምጣ በያት" አልኋት።