መድኃኒት ግን አይቀርም

ሰኞ ጠዋት፣ መርሳ
መጀመሪያ ስህተት ላርም፣ ማስታወሻዬ። «እቃ አድራሾቹን ሥራ ያስቆመቻቸው ጡረተኛዋ መምህርት ናት» ይባላል፣ እኔን ማለታቸው ነው፤ ሐሰት ነው። ከአድራሾቹ አንዱ ሰይድ የፍሬን ሸራው ባለቀ ሞተር በዝናብ ውርጌሳ አልሄድም አለ፤ ቁልፍ አስረክብ ተባለ። ተባረረ። ጓደኞቹ ማኅበር የለንም፣ ምን እናድርግ ብለው መጡ። ተወካይ ምረጡ፤ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ፤ እንቢ ከተባላችሁ ወደ ወረዳው ጽ/ቤት ሂዱ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አልቀበልም አለ። ሥራ ማቆሙን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ጥሩ አደረጉ፤ ይህን ግን ያልኩት ላንተ ብቻ ነው።

ማክሰኞ
ሙቀት። የደም ግፊት ክኒኔ አለቀ። ከወልድያ የሚያመጡልኝ እነሱ ናቸው። አልደውልም። ለእኔ ከፈረሰ ምኑን አድማ ሆነ?

ረቡዕ ከሰዓት
በር ተንኳኳ። ዓለምነሽ፤ ከሞተረኞቹ ብቸኛዋ ሴት። በዝናብ በስብሳለች። ክኒኔን በሚኒባስ ሄዳ አምጥታለች። ተሰብስበው ወስነዋል፦ እቃ ይቆማል፣ የሕሙማን መድኃኒት አይቆምም፤ በድርጅቱ ሞተር ሳይሆን በሚኒባስና በእግር፣ ያለ ክፍያ። አድማ ተመርጦ ይመታል እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። «ጠባችን ከአለቃው ጋር እንጂ ከአንቱ ልብ ጋር ነው እንዴ?» አለችኝ። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሐሙስ
ትናንት ሲራገሙ የነበሩት ባለሱቆች ዛሬ ለሞተረኞቹ ይከራከራሉ። የስንቱ ቤት መድኃኒት ገብቷል!
ከሰዓት ሁሉም እኔ ግቢ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ መልእክት ልኮባቸዋል፦ ሞተሮቹ ይጠገናሉ፣ ሁላችሁም ተመለሱ፤ ሰይድ ግን አይመለስም። ግማሾቹ ልባቸው ሸፈተ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው።
ሰይድ ራሱ፣ «ተዉኝ፣ ግቡ። አላህ ያውቃል» አለ።
ዓለምነሽ፣ «ዝም በል አንተ! አንተን ትተን ከገባን ነገ ፍሬን የሌለው ሞተር ሲሰጠን ማን አፉን ይከፍታል?»
ከመሐላቸው አንዱ፣ «ቢያንስ ሰይድ ከሌለ ምሳችንን የሚበላብን አይኖርም» አለ። ሳቁ። ሰይድም ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያለ እሱ ላይገቡ ተስማሙ።
በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስላየሁ ተመስገን። እኔም ደንበኛ ነኝ፤ ከእነሱ ጋር ቆሜ የመጠየቅ መብት አለኝ።

ነገ አብረን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እንሄዳለን። መጀመሪያ፦ ባለሱቆቹን ሱቅ ሳይከፍቱ መቀስቀስ። የሰፈሩን ሽማግሌ ሐጂን ከመስጊድ ሲወጡ ይዞ መምጣት፤ ሥራ አስኪያጁ ያፍራቸዋል። በድርጅቱ በር ላይ ሰይድን ከመሐል ማቆም፣ ዳር እንዳይቀር። ቀድሜ የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ ዓለምነሽ ናት። እሷ ስትጨርስ እኔ እንደ ደንበኛ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ሰይድስ?